መሣሪያው የሰማው ምንድን ነው? ስለ ቫምፕ ፕላጊኖች የቀረበ ትችት

በዛሬው ጊዜ የሙዚቃን ድምፅ በኮምፒዩተር ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። በለንደን የኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ሙዚቃ ማዕከል የተሠራው ሶኒክ ቪዥዋላይዘር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ቫምፕ የተባሉት ፕላጊኖችም፣ ማለት በዋናው ፕሮግራም ላይ እየተሰኩ ልዩ ልዩ ምርመራ የሚያካሂዱት ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ አብዛኛዎቹ እንደዚሁ በነጻ የሚታደሉ ናቸው። ሠሪዎቹ ይህን ሥራቸውን ለሊቃውንት ጉባኤ ያቀረቡት በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚህ በታች የምነቅፈው ነገር ስላለ፣ ለሥራው ያለኝን አክብሮት አስቀድሜ መግለጽ ይገባኛል።

አክብሮቴም ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የሙዚቃ ፕላጊኖች፣ ለምሳሌ ቪ.ኤስ.ቲ. የተባሉት፣ ድምፅ ተቀብለው ድምፅ ይመልሳሉ፤ ያስተጋባሉ፣ ያጎላሉ፣ ያለሰልሳሉ። ቫምፕ ግን ድምፅ ይቀበላል እንጂ ድምፅ አይመልስም። የሚመልሰው ጊዜና ቁጥር፣ ሲያስፈልግም ስም ነው። አስተናጋጁ ፕሮግራም የተቀዳውን ድምፅ እየቆራረጠ ያቀርብለታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 1,024 ናሙና ቢሆንና በሴኮንድ 44,100 ናሙና ቢቀዳ፣ አንዱ ቁራጭ የሴኮንድ 23 ሺኛ ያህል ርዝመት ይኖረዋል ማለት ነው። ደራሲው ከፈለገም አስተናጋጁ ቁራጩን በውስጡ ወዳሉት ድግግሞሾች ተንትኖ ይሰጠዋል። ስለዚህ ፕላጊን የሚጽፍ ተማሪ ፋይል ስለ መክፈትም ሆነ ሥዕል ስለ መሣል አይጨነቅም፤ የሚጽፈው ስሌቱን ብቻ ነው። ለጀማሪ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ የድምፁ ሞገድ ዜሮን ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ የሚቈጥር ነው፤ የሲ ፕላስ ፕላስን ቋንቋ በመጠኑ የሚያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ አንብቦ ይረዳዋል።

መጫኑም ቀላል ነው። ፋይሉን ለቫምፕ በተወሰነው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥና አስተናጋጁን ዘግቶ መክፈት ብቻ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ፋይሉን በሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዝርዝሩ ላይ ስሙን ስፈልግ አመሸሁ። ፕላጊኑ ለየትኛው ዓይነት ኮምፒዩተር እንደ ተዘጋጀ አስቀድሞ ማረጋገጥም ይገባል። ከዚህ የበለጠ የሚነገር ነገር የለውም፤ ችግሩ የሚጀምረው ከተጫነ በኋላ ነውና።

ከኩዊን ሜሪ ፕላጊኖች አንዱ አውሮፓውያን ኪይ የሚሉትን፣ የዜማውን መሠረት የሚፈልግ ነው። በአንድ ክራር ብቻ የተመታ ትዝታ ሰጠሁት። ሳይዘገይ አንድ የሜጀር ኪይ ስም አወጣ፤ በሰዓቱ መስመር ላይም ቀለም ቀብቶ አሳየኝ። ቀጥሎ በቅንብሩ ውስጥ 440 ሄርዝ ተብሎ የተቀመጠውን የመቃኛ ቁጥር 452 አደረግሁት። መልሱ ከፊተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ክራሩ ያው ክራር፣ ዜማውም ያው ዜማ ነው። ክራር መቺ ክሮቹን የሚቃኘው እንደ ገዛ ድምፁ እንጂ በ440 ሄርዝ ስላልሆነ፣ ከሁለቱ መልሶች ማንኛውን እንመን?

ይህን ለመረዳት የፕላጊኑን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል። ፕላጊኑ የሰማውን ድምፅ በውስጡ ካስቀመጣቸው የሜጀርና የማይነር መልኮች ጋር እያስተያየ፣ ከሁሉ የሚቀርበውን ይመርጣል። መልኮቹ የተወሰዱት ደግሞ ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1722 እ.ኤ.አ. ካዘጋጀው በደንብ የተቃኘው ክላቪየር ከተባለው ሥራ የመጀመሪያ መጽሐፍ ነው። ቀረጻውም በ440 ሄርዝ፣ ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃ በከፈለ ቅኝት የተደረገ ነው። መጽሐፉ በ24ቱ ኪዮች ሁሉ የተደረሱ ሥራዎችን ይዟል፤ የፕላጊኑም መልሶች 24 ናቸው። እንግዲህ የእኔ ትዝታ የተለካው በባኽ ነው ማለት ነው። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ከ24ቱ ወደ አንዱ መቅረቡ አይቀርም፤ መቅረብና መሆን ግን አንድ አይደሉም። አንቺሆዬን ብሰጠው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ድምፆቹ በፒያኖ ቁልፎች ላይ በቀጥታ የማይገኙ ናቸውና። በ440 እና በሚቀጥለው በ466 ሄርዝ መካከል፣ በ453 ገደማ የሚገኝ ድምፅ በ12 ደረጃ መለኪያ ዘንድ የራሱ ቦታ የለውም፤ ለግራ ወይም ለቀኝ ጎረቤቱ ይታደላል።

ሠሪዎቹ አልደበቁም፤ በመግለጫው ላይ በግልጽ ጽፈውታል። ስለዚህ ጥፋቱ መግለጫ ሳያነብ ሥዕሉን በጽሑፉ ላይ የሚለጥፈው ተማሪ ነው የሚል ይኖራል። በከፊል እስማማለሁ። ነገር ግን የቫምፕን ውል እንመልከት። እያንዳንዱ ፕላጊን ስሙን፣ የሠሪውን ስም፣ የመብቱን ባለቤትና የስንተኛ እትም መሆኑን እንዲናገር ይገደዳል። ቅንብሮቹም ትንሹንና ትልቁን መጠን፣ ማንም ካልነካቸው የሚጸናውንም ቁጥር ያስታውቃሉ። ውጤቱ በሄርዝ ይሁን በሴኮንድ የሚጻፍበት ቦታ እንኳ አለ። ፕላጊኑ ከየትኛው ሙዚቃ እንደ ተማረ የሚነገርበት ቦታ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ አልተዘጋጀም። ሻጩ የሚዛኑን ስምና ቁጥር ነግሮን ድንጋዮቹ የየት አገር እንደሆኑ ሳይነግረን እንደ መቅረት ነው። በአስተናጋጁ ዝርዝር ላይም ይህ ፕላጊንና ዜሮን የሚቈጥረው ፕላጊን በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በእኩል ማዕረግ ተደርድረው ይታያሉ። አንዱ ቈጣሪ ነው፤ ሁለተኛው ፈራጅ ነው። ለዓይን ግን አይለዩም።

በበኩሌ ለአገራችን ዜማ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ማቲያስ ማውክና ሳይመን ዲክሰን በ2014 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ፒዪን የተባለው ነው። ይህኛው ለዜማው ስም አያወጣም፤ ድምፁ በየቅጽበቱ በስንት ሄርዝ እንዳለ ይከተላል እንጂ። ዘፋኙ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት መንሸራተቱ ራሱ ይታያል። ነገር ግን የተሠራው ለአንድ ነጠላ ድምፅ ነው። ክራርና ዘፋኝ አብረው ሲመጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ በእንዚራው የሚነዝረው በገናም አስቸግሮታል።

የኩዊን ሜሪ ፕላጊኖች ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ የባኽን መልኮች አውጥቶ በምትካቸው የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺሆዬን ማስገባት ይቻላል። ይህንኑ ጀምሬ ነበር። ሥራው አስቸጋሪ የሆነብኝ በፕሮግራሙ በኩል አይደለም፤ መልኮቹን ከማን ክራር እንደምወስድ መወሰኑ ላይ ነው። ከአንድ ሰው ብወስድ ያ ሰው ለሌሎቹ ሁሉ ባኽ ይሆንባቸዋል፤ ከብዙ ሰው ወስጄ ባማክል ማንም ያልቃኘው ክራር ይወጣል። ለጊዜው ከአንድ ክራር መቺ አራት ቀረጻዎች ወስጃለሁ። ቦታ ያልተዘጋጀለትንም ነገር፣ ስለ ፕላጊኑ አጭር ገለጻ በሚጻፍበት መስመር ላይ አስገባሁት፦ «የአንድ ሰው ክራር፣ አራት ቀረጻ፣ በዘፋኙ ድምፅ የተቃኘ»።