ለማያውቁት ጠያቂ መልስ መስጠት፤ «ተጠያቂ»፣ «መላሽ» እና የቡሌ ጥያቄዎች

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፊቱን ለማያየው ሰው መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ነው። የእርሻ ምክር የሚሰጥ በራሪ ጽሑፍ፣ የጋዜጣ «ጥያቄና መልስ» ዐምድ፣ በስልክ የሚሰማ የተቀዳ ትምህርት፣ ሁሉም በመልክ ይለያዩ እንጂ ከዚሁ ተግባር የሚመደቡ ናቸው። ስለ ስያሜ አወጣጥ በሚደረገው ክርክር ዘወትር የሚነሣው «ቃሉ ከግእዝ ይውጣ ወይስ ከውጭ ቋንቋ እንዳለ ይወሰድ?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ቃሉ ለማን ጥያቄ መልስ ይሆናል?» የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማንሣት አስበናል። መፈተኛ ቦታ እንድትሆነንም ከዲላ በስተምሥራቅ በጌዴኦ ደጋ ላይ ያለችውን ቡሌን መርጠናል።

ከቀላሉ እንጀምር። «ቡሌ የት ነው?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ መልሱ አንድ አይደለም። አንደኛዋ አሁን የጠቀስናት የጌዴኦዋ ቡሌ ናት። ሁለተኛዋ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው፣ በጉጂ ምድር የምትገኘው ቡሌ ሆራ ናት፤ በንግግር ጊዜ «ሆራ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይቀራል። ጥያቄው በችኰላ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ካዕቡ ከሳብዕ ተምታቶ የአዲስ አበባው ቦሌ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ጠንቃቃ መላሽ ከመመለሱ በፊት «የትኛዋን ነው?» ማለት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ በእኛ ዘንድ እንደ ሽሽት ወይም እንደ ንቀት ይቈጠራል። የጽሑፍ መልስ ደግሞ ቢፈልግም መልሶ ለመጠየቅ ዕድል የለውም። ስለዚህ ያለው አማራጭ ጠያቂው ሊሆን የሚችለውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ችግሩ ሥር የሰደደው በራሱ በግሡ ውስጥ ነው። «ጠየቀ» በአማርኛ ማወቅ የፈለጉትን ነገር ማንሣት ብቻ አይደለም። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ «ጠያቂ የለውም» የተባለ ሰው መልስ ያጣ ሳይሆን ዘመድ ያጣ ነው። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ደግሞ አንዱ ተሟጋች «ተጠየቅ!» ሲል ባላጋራው «ልጠየቅ» ብሎ ይገጥመው ነበር። በሁለቱም ወገን፣ በዝምድናም ሆነ በሙግት፣ ጠያቂና ተጠያቂ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ማንነታቸው የታወቀ ሰዎች ናቸው። ስሙና አገሩ ያልታወቀ ሰው ከሩቅ ሆኖ ለማወቅ ያህል ብቻ ሲጠይቅ ይህ አዲስ ግንኙነት ነው፤ ቋንቋችን እስካሁን የራሱን ቃል አላወጣለትም።

የመላሹ ስም ደግሞ ከጠያቂው ስም የባሰ ነው። «ተጠያቂ» በቅርጹ «ጥያቄ የቀረበለት» ማለት ቢሆንም ዛሬ በመጀመሪያ የሚሰማው ኃላፊነት ያለበት ወይም ጥፋት ያለበት ሰው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 «ተጠያቂነት»ን በርእሱ ከያዘ ወዲህ ቃሉ ወደ ሕግና ወደ አስተዳደር ጠቅልሎ ገብቷል። «መልስ ሰጪ» ብንል በይግባኝ ክርክር የተከራካሪ ወገን መጠሪያ ነው። «መላሽ» ይቀራል፤ እሱም ቢሆን ከመንታነት አያመልጥም። «ጥያቄውን መለሰው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥያቄው ማብራሪያ አገኘ ወይም ጥያቄው እንደመጣ ተመልሶ ሄደ የሚሉ ሁለት ትርጉሞች አሉት። በበኩላችን «መላሽ»ን እንመርጣለን፤ በዚህ ጽሑፍም የምንሠራበት በእሱ ነው። መንታነቱም ቢሆን ከንቱ አይደለም፤ ጥያቄን እንዳመጣጡ ሰዶ «መለስኩ» የሚል መላሽ ብዙ ነውና።

የእንቆቅልሽ ጨዋታችን በዚህ ረገድ የሚነግረን ነገር አለ። «እንቆቅልህ» ሲባል የሚሰጠው ምላሽ «ምን አውቅልህ» ነው። «አውቃለሁ» ከሚለው ግሥ ጋር የተጣበቀው «‑ልህ» ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ማወቅ እዚህ ላይ ለራስ ሳይሆን ለጠያቂው ሲባል የሚደረግ ሥራ ሆኖ ቀርቧል። ያላወቀው ወገን ደግሞ «አገር ስጠኝ» ተብሎ አንድ አገር ይሰጣል እንጂ ያልሆነ ነገር አምጥቶ አያምታታም። አለማወቅ ዋጋው የታወቀ፣ ተከፍሎም የሚያልቅ ዕዳ ነበር ማለት ነው። የዛሬው የጽሑፍ መላሽ ግን አገር መስጠት ስለማይወድ የሌለውን ያወቀ መስሎ ይጽፋል።

ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የቦታ ስም ነው። የማወቅ ጉጉት ያደረበት ሰው ሁሉ «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ መጠየቅ ይወዳል። «ቡሌ ለምን ቡሌ ተባለች?» ብሎ አማርኛ ተናጋሪውን የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። አንዱ ከእንሰት ከሚገኘው ከቡላ ያያይዘዋል፤ ሌላው «ቡላ» የሚለውን የቀለም ስም ያነሣል። ሁለቱም ጆሮን ደስ ያሰኛሉ፤ ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። ጌዴኦኛ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲይኛ፣ ከከምባትኛና ከቡርጂኛ ጋር በደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ቅርንጫፍ የሚመደብ ቋንቋ ስለሆነ የአገሩን ስም በአማርኛ ድምፅ ለመፍታት መሞከር በጎረቤት ቁልፍ የራስን ቤት ለመክፈት እንደ መታገል ነው። ትክክለኛው መልስ ጥያቄውን ወደ ባለቤቶቹ ማስተላለፍ ነው። በጌዴኦ ደግሞ የሚጠየቅ አይጠፋም፤ ሀይቻዎች የሚሰበሰቡበት፣ ነገር በአደባባይ የሚመረመርበት ሶንጎ አለ።

አሁን ወደ ፍቺ እንሻገር። እንሰትን አይቶ ለማያውቅ ሰው «ሙዝ የሚመስል ተክል ነው» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ለጎንደር ወይም ለመቀሌ ጠያቂም ጥሩ መነሻ ይሆናል። ኮባን ዳቦ መጋገሪያ ቅጠል አድርጎ ለሚያውቅ የሰሜን ሰው «የዚያ ዘመድ ነው» ቢባልም ያስኬዳል። የቡሌ ልጅ ግን ተማሪ ቤት ገብቶ ይህን ፍቺ ሲያነብ ነገሩ ተገልብጦ ይታየዋል። ለእሱ ከደጁ የማይጠፋው፣ ቆጮውንና ቡላውን የሚበላበት፣ ቃጫውን የሚገምድበት፣ ቅጠሉን ለከብት የሚያቀርብበት ተክል እንሰት ነው፤ ሙዝ ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ነው። መዝገበ ቃላቱ በቡሌ ተዘጋጅቶ ቢሆን ኖሮ «ሙዝ፤ እንሰት የሚመስል፣ ፍሬው የሚበላ ተክል» ይል እንደነበር አንጠራጠርም። በመመሳሰል የሚሰጥ ፍቺ ሁሉ የጠያቂውን አገር አስቀድሞ ወስኖ የሚነሣ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ እንሰት የሚጠይቀው የውጭ ሰው በዝቷል፤ መልሱም ለእሱ ብቻ እንዳይሠራ ያሠጋል።

የፍቺ መገልበጥ ቅር ያሰኝ እንደሆነ ነው እንጂ ማንንም አያስርብም። ጉዳት የሚያደርሰው ሌላው ጥያቄ ነው፤ «እንሰቴ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ምን ላድርግ?» የሚለው። ተመራማሪዎች በ1960 ዓ.ም. ገደማ በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያስታወቁትና በ1993 ዓ.ም. ገደማ በዩጋንዳ ሙዝ ላይ ጭምር የታየው ይህ በሽታ በአማርኛ «አጠውልግ» ይባላል። ስሙ በትእዛዝ አንቀጽ መልክ የተሠራ ያማረ ስም ነው። ነገር ግን «ጠወለገ» ለአማርኛ ሰሚ በመጀመሪያ የሚያሳስበው ፀሐይና የውኃ ጥማት ነው፤ የጠወለገ ተክል ውኃ ሲያገኝ ቀና ይላል። ይህ በሽታ ግን ውኃ አያቃናውም፤ የሚያድን መድኃኒትም አልተገኘለትም። ከተክል ወደ ተክል በዋነኛነት የሚያሻግረው ያልጸዳ ቢላዋ ሲሆን የታመመ ችግኝና እንስሳትም ድርሻ አላቸው። ስሙ ዐይን ያየውን ነግሮ እጅ የሠራውን ደብቋል።

ምክንያቱን ለማስረዳት የሚገባው ቃልም የራሱ ችግር አለው። ተርጓሚው «ባክቴሪያ»ን ላለመጠቀም «ረቂቅ ተህዋስያን» ይላል። የቃሉ መነሻ የሆነው የግእዙ «ተሐዋሲ» የሚንቀሳቀስና የሚርመሰመስ ፍጡርን ስለሚያመለክት፣ «ረቂቅ» የሚለው ቅጽል ሳያስቆመው ያለፈ ሰሚ ትል ወይም ተባይ ፈልጎ ፀረ ተባይ ሊገዛ ይችላል። ጽሑፉ ከአማርኛ ወደ ጌዴኦኛ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ስሕተቱ አብሮ ይሻገራል። እንሰት ለመድረስ አራትም ሰባትም ዓመት፣ በደጋ ከዚያም በላይ የሚወስድ ተክል ነውና በአንድ ቃል የተሳሳተ ሰው የሚያጣው የአንድ ክረምት ምርት ብቻ አይደለም።

«ታዲያ ስሙ ይለወጥ?» የሚል ቢኖር አንስማማም። «የቢላዋ በሽታ» ብንለው ቢላዋው አሻጋሪ እንጂ መንሥኤ ስላልሆነ ሌላ ስሕተት እንተክላለን። ማንኛውም ስም መልስ እንዲሆን መጠበቅ የለበትም። መለወጥ ያለበት የመልሱ ቅደም ተከተል ነው። የእርሻ ጽሑፎቻችን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ከስያሜ ጀምረው፣ በመንሥኤ አልፈው፣ ወደ መከላከያ የሚደርሱት በመጨረሻው አንቀጽ ነው፤ ጠያቂው ግን የመጣው ለመጨረሻው አንቀጽ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልዩ ትኩረት የሚሻው የአጠራር ጉዳይ ነው። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እናንተ» ሳይል ማንንም ሊያዝዝ አይችልም። «አጽዳ» ያለ መላሽ ጠያቂውን ወንድ አድርጎታል፤ «አጽጂ» ያለ ሴት አድርጓታል። እንሰትን የሚፍቁትና ለምግብ የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ ከጎረቤት መፋቂያና ቢላዋ የሚዋዋሱትም እነሱው ናቸው። ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ብዙዎች የሚሸሹት ወደ ሦስተኛ መደብ ነው፤ «አርሶ አደሩ መሣሪያውን ማጽዳት ይኖርበታል» ይላሉ። ይህ በጠያቂው ፊት ሆኖ ስለ ጠያቂው ለሌላ ሰው እንደ ማውራት ያለ ነውር ነው። ቃሉም ቢሆን ለቦታው አይስማማም፤ «አርሶ አደር» አርሶ የሚያድር ማለት ሲሆን በእንሰት ማሳ ውስጥ በሬ አይጠመድም፤ የሚቈፈር ነው። ከዚህ ይልቅ «ያጽዱ» የሚለው የአክብሮት ቅርጽ ጾታን አይለይም፤ እንግዳን ሰው አንቱ ማለትም የቆየ ጨዋነታችን ነው። «እርስዎ ያርቃል፣ ቤተኛ አያደርግም» የሚለውን ተቃውሞ ሰምተናል። መላሹ ቤተኛ አይደለም፤ መስሎ መታየትም አያስፈልገውም።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሥራ ያስጀመረው የ80‑28 የስልክ መስመር ይህን የአክብሮት ቅርጽ ወደ ገጠር በስፋት ካደረሱት አንዱ ነው። ደዋዩ «ይጫኑ» እየተባለ በቁጥር እየመረጠ የተቀዳውን ምክር ይሰማል። ማንበብ ለማይችል ሰው መልስ እንዲደርሰው ማድረጉ ትልቅ ሥራ ስለሆነ በዚህ አድናቆታችን ሙሉ ነው። ነገር ግን የተቀዳ መልስ የሚያስተናግደው ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ጥያቄ ብቻ ነው። መስመሩ ሲጀመር ቋንቋዎቹ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ነበሩ፤ ሰብሎቹም ይበልጡን እንደ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ያሉ የእህል ዘሮች። ገብሷን ይዛ የደወለች የቡሌ ሴት አማርኛ ብትችል መልስ ታገኝ ይሆናል፤ እንሰቷን ይዛ የደወለች ግን የምትጫነው ቁጥር አልነበራትም።

ጠያቂዋ አንዲት አለመሆኗንም መርሳት አይገባም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት ከተጠቀመባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚጻፈውም በኢትዮጵያ ፊደል ነው። በኋላ የትምህርት ቤቱ ጽሑፍ ወደ ላቲን ፊደል ስለዞረ በአንድ ጎጆ ውስጥ እናት በአንዱ፣ ልጅ በሌላው ፊደል ማንበብ የተማሩበት ቤት ይኖራል። ለዚያ ቤት የሚጻፍ በራሪ ወረቀት የትኛውን ፊደል ይዞ እንደሚሄድ መወሰን ያለበት ከትርጉሙ በፊት ነው።

ከላይ ባነሣነው መሠረት ለእንሰቱ ጥያቄ የአማርኛው መልስ እንዲህ ቢጀምር እንመርጣለን፦ «እንሰት የቈረጡበትን ቢላዋ ወደ ሌላው እንሰት ከማስጠጋትዎ በፊት በእሳት ያግሉት ወይም በበረኪና ይጠቡት። ቢላዋ አያውሱ፤ ከተዋሱም ሳያግሉ አይጠቀሙ። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅለው ከማሳው ርቆ በተቈፈረ ጕድጓድ ይቅበሩት፤ ለከብት አይስጡት። ውኃ ቢያጠጡት አይድንም። ይህን በሽታ በአገርዎ ቋንቋ ምን ይሉታል?» ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በኋላ ባዶ ቦታ ይተው፤ «አጠውልግ» የሚለው ስያሜ ከዚያ በታች ይጻፍ።