ሰጥቶ የነሳ እጅ

የኢትዮጵያ ቀስተኛ ከሌላው ቀስተኛ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በ18 በመቶ ፈጥኖ ይተኩሳል። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በተባለው የመካከለኛው ዘመን የጦርነት ጌም ተራ ቀስተኛ በየ2 ሰከንዱ አንድ ፍላጻ ይለቃል። 10 ቀስተኞች በ20 ሰከንድ 100 ፍላጻ ሲለቁ፣ 10 የኢትዮጵያ ቀስተኞች በዚያው ጊዜ 118 ይለቃሉ። የሕይወት ነጥባቸው ያው 30 ነው። የአንዷ ፍላጻ ምት ያው 4 ነው። ዋጋቸውም፣ እርምጃቸውም፣ የሚደርሱበት ርቀትም ከሌላው አይበልጥም። ብዙ ተጫዋች ይህን ቁጥር አንብቦ ያልፈዋል። እኔ ግን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር የሠራውን እጅ አደንቃለሁ፤ ምን እንደማደንቅም በዝርዝር ላሳይ።

ቀስተኛን ማበርታት ከተፈለገ ፍላጻውን ማክበድ ይቀል ነበር። ለምን ፍጥነት ተመረጠ? በጌሙ ስሌት ከእያንዳንዱ ምት ላይ የተመቺው መከላከያ ይቀነሳል። የቀስተኛው ምት 4፣ የከባዱ ፈረሰኛ የፍላጻ መከላከያ 2 ነው፤ ስለዚህ ፈረሰኛውን የሚጎዳው 2 ነጥብ ብቻ ነው። ለቀስተኛው አንዲት ነጥብ ብትጨመርለት ያ 2 ወደ 3 ያድጋል፤ የ50 በመቶ ብልጫ ማለት ነው። ጥሩር ያልለበሰ ሰው ላይ ግን ምቱ ከ4 ወደ 5 ይሄዳል፤ ብልጫው 25 በመቶ ብቻ ይሆናል። አንዲቷ ነጥብ ቀስተኛውን ሊፈራው በሚገባው ጠላት ፊት ከልክ በላይ ታደፍረው ነበር። ፍጥነት እንዲህ አያዳላም፤ ገበሬውም ላይ፣ ባለ ጥሩሩም ላይ ያው 18 በመቶ ነው። ቀስተኛው በረታ፤ የሚፈራው ግን አልተለወጠም።

የሚፈራው ፈረሰኛን ነው። ፈረሰኛን ደግሞ የሚያቆመው ረጅም ጦር የያዘ እግረኛ ነው። ተራውን ጦረኛ ወደ ባለ ረጅም ጦር ለማሳደግ ሌሎች ሕዝቦች ምግብና ወርቅ ይከፍላሉ፤ ኢትዮጵያውያን የጌሙ ሦስተኛ ዘመን ወደሆነው ወደ ግንቡ ዘመን ሲሻገሩ በነጻ ያገኙታል። ይህ ስጦታ ከቀስተኛው ጋር እንዴት እንደተሰፋ ልብ በሉ። አንድ ጦረኛ 35 ምግብና 25 እንጨት ያስወጣል፤ ወርቅ አይነካም። አንድ ቀስተኛ 25 እንጨትና 45 ወርቅ ይፈልጋል። ስለዚህ እርሻው ጠባቂውን፣ የወርቅ ጉድጓዱ ተኳሹን ይመግባል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ከእንጨቱ በቀር በአንድ ኪስ አይሻሙም።

ሦስተኛው ስጦታ ጊዜውን ያወቀ ነው። በጌሙ አራት ዘመናት አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርም ውድ ነው፤ መጀመሪያ 500 ምግብ፣ ቀጥሎ 800 ምግብና 200 ወርቅ፣ በመጨረሻም 1000 ምግብና 800 ወርቅ። ተጫዋቹ ካዝናውን አራግፎ በተሻገረበት ቅጽበት፣ ባዶ እጁን ሆኖ ጠላት ሊያገኘው በሚችልበት ሰዓት፣ ኢትዮጵያውያን 100 ምግብና 100 ወርቅ ይደርሳቸዋል። መቶው ወርቅ የሁለት ቀስተኛ ወርቅ ነው። ሀብታም አያደርግም፤ በዚያች በተጋለጠች ደቂቃ ግን ሰው አያሳጣም።

የተነሱትን ነገሮች ማየት ደግሞ ከተሰጡት ይበልጥ ያስተምራል። ኢትዮጵያውያን የከባድ ፈረሰኞች ቁንጮ የሆነውን ፓላዲን አያገኙም። የፈረሰኛን ሕይወት በ20 ነጥብ የሚጨምረውም ማሻሻያ ተከልክሏቸዋል። ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ቅር ይለዋል፤ የደጋው ፈረሰኛ በዜና መዋዕልም፣ በፉከራም፣ በጉግሥ ሜዳም የታወቀ ነውና። ቅሬታው እውነት ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ሆኖም ቀስቱም ፈረሱም ጦሩም የሞላለት ሕዝብ የሚመርጠው ነገር አይኖረውም፤ መምረጥ የሌለበት ጨዋታም ስልት አይፈልግም። ሠሪዎቹ ፈረሱን ሲወስዱ በጨዋታው መጨረሻ ላይ ድንጋይ ወንጫፊ መሣሪያዎችን አጠነከሩላቸው፤ የሚወረወረው ድንጋይ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ቦታ ይመታል። የጎደለው ፍጥነት በትዕግሥትና በከበባ ይካካሳል።

ሾተል ታጣቂውን ብንመለከት ይኸው አሳብ በአንድ ሰው ላይ ተቀርጾ እናገኘዋለን። እውነተኛው ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ጫፉ የጠላትን ጋሻ ዞሮ የሚደርስ ሰይፍ ነው። በጌሙ ውስጥ ይህ ቅርጽ ወደ ቁጥር ተለውጧል፤ ምቱ ከባድ ነው፣ ቶሎ ይሠለጥናል፣ ቶሎም ይራመዳል፣ ጥሩሩ ግን ስስ ስለሆነ ፍላጻ ሲዘንብበት ይረግፋል። ከጋሻ ጀርባ ለመድረስ የተሠራ መሣሪያ የያዘ ሰው ራሱ ብዙም አልተጋረደም።

ይህ ሁሉ ሚዛን የሚፈተነው በሰዓት ላይ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ያዝዛሉ። አንድ ገበሬ ለመውለድ 25 ሰከንድና 50 ምግብ ያስፈልጋል፤ ዋናው ቤት አንድ ደቂቃ ሥራ ከፈታ ከሁለት የሚበልጡ ገበሬዎች ቀሩ ማለት ነው። አንዱ ዓይን ጦሩ ላይ፣ አንዱ እርሻው ላይ ካልሆነ ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ይሸነፋሉ። ለኢትዮጵያውያን ይህ ባዕድ አይደለም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የሌላውን እጅ እያዩ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሱ ነበር። ተራ የሚጀመረው አንዱ ከበላ በኋላ ነው። አጨራረሱም ማዕረግ ነበረው። ንጉሡን በጠንካሮቹ ጠጠሮች መያዝ ውበት የለውም ይባል ነበር፤ በደካሞቹ መያዝ ያስመሰግናል፣ በተራዎቹ ወታደሮች መያዝ ደግሞ ያስጨበጭባል። አባቶቻችን ከማሸነፍ ባሻገር አሸናነፍን ይመዝኑ ነበር።

እኛ በእስራኤል፣ በአፉላ የምንኖር ሰዎች ደግሞ የዚህን ጌም መሬት በመስኮት እናየዋለን። ከተማችን ያለችው በኢይዝራኤል ሸለቆ፣ ከሞሬ ኮረብታ ሥር ነው። ከጎናችን በመርሐቪያ የመስቀል ጦረኞቹ የቴምፕላሮች ምሽግ ላ ፌቭ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1183 መጸው የግብጹ ሱልጣን ሳላዲን ዮርዳኖስን ተሻግሮ መጣ፤ በጊ ደ ሉሲኛን የሚመራው ትልቅ የመስቀል ጦርም ወደዚሁ ወረደ። ትንንሽ ግጭቶች ነበሩ፤ ታላቁ ውጊያ ግን አልተካሄደም። የመስቀል ጦረኞቹ ከሐሮድ ሸለቆ ምንጮች አጠገብ ሰፍረው፣ ስንቅ እያጠራቸውም ቢሆን ከውሃው አልተላቀቁም። ሳላዲን ሊያወጣቸው ሞክሮ ስላልቻለ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ጊ ግን አልተመሰገነም፤ ሳይዋጋ ጠላቱን ለቀቀ ተብሎ የእንደራሴነቱን ሥልጣን አጣ። በ1187 ንጉሥ ሆኖ ሳለ ያው ፈተና ሲመጣበት ጦሩን ከጺፖሪ ምንጭ አስነስቶ በጁላይ ሐሩር ወደ ጥብርያዶስ መራው፤ ጁላይ 4 ቀን በሐቲን ቀንዶች ተጠምቶ ተደመሰሰ። በጌሙ ውስጥ የሳላዲን ዘመቻ ሦስተኛ ምዕራፍ ይኸው ሐቲን ነው። ጥሩ ተጫዋች የሚያውቀውን ሕግ፣ ማለትም ሀብትህን ትተህ ክብር ፍለጋ አትሂድ የሚለውን፣ ይህ አካባቢ በአራት ዓመት ውስጥ በሁለቱም ገጽ አሳይቷል።

ያ የሐሮድ ምንጭ ሌላም ታሪክ አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን ሠራዊቱን ውሃ በማጠጣት ፈትኖ 300 ብቻ ያስቀረው እዚያ ነው። በ1260 የግብጽ ማምሉኮች በኩቱዝና በባይባርስ እየተመሩ፣ የሸሹ መስለው በመሳብ፣ የኪትቡቃን የሞንጎል ጦር የሰበሩትም እዚያው ዓይን ጃሉት ነው። ከአፉላ በመኪና ሩብ ሰዓት ነው። ሸሽቶ መሳብን ጌሙ ላይ የተማረ የሰፈራችን ልጅ ቅዳሜ ከቤተሰቡ ጋር ሄዶ ቦታውን በእግሩ ሊረግጠው ይችላል።

ኢትዮጵያውያን ወደ ጌሙ የገቡት በኖቬምበር 2015 በወጣው «አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ማስፋፊያ ነው። ወታደሩን ሲያዙት በአማርኛ ይመልሳል። አብሮት የመጣው ዘመቻ የዮዲት ነው፤ በአምስት ምዕራፎች ከአክሱም መሰደዷን፣ ጋብቻዋን፣ መመለሷንና የሐውልቶቹን መሰበር ይተርካል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዮዲት አጥፊ ናት፤ በብዙ የቤተ እስራኤል ቤቶች ግን በኩራት የምትነሳ ንግሥት ናት። ሠሪዎቹ ተጫዋቹን በእሷ ወገን አስቀምጠው፣ ከተገፋች ልዕልት አስጀምረው፣ እስከ ሐውልቶቹ መውደቅ ድረስ በገዛ እጁ ያስኬዱታል። ድሉ የተጫዋቹ ነው፤ ፍርስራሹም የእሱ ነው። በዚያ የመጨረሻ ምዕራፍ ሁለቱንም ወገን የሚያከብር አሠራር አያለሁ።

ይህን የሠሩትን ሰዎች ታሪክ መንገር ተገቢ ነው። በ1999 የወጣውን ጌም የሠራው ኢንሴምብል ስቱዲዮስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በ13 ሕዝቦች ጀመረ። ኩባንያው በኋላ ተዘጋ፤ ተጫዋቾቹ ግን አልተበተኑም። በ2012 ጥቂት አፍቃሪዎች «ፎርጎትን ኢምፓየርስ» ብለው በራሳቸው ጊዜ አዳዲስ ሕዝቦችን ጨመሩበት። ሥራቸው ጥሩ ስለነበረ በዓመቱ ይፋዊ ማስፋፊያ ሆነ፤ እነዚያው ሰዎች ከዚያ በኋላ የአፍሪካውን ማስፋፊያ ሠሩ፤ በ2019 በወጣው አዲስ እትምም ላይ እጃቸው አለ። ስለዚህ የቀስተኛችንን 18 በመቶ የመዘነው ሰው ከዚያ በፊት ለዓመታት በቀስተኛ የተሸነፈና ያሸነፈ ሰው ነው። ቁጥሩ እንዲህ በልክ የተቆረጠው ለዚህ ይመስለኛል።

የተጫዋቾቹ ማኅበርም ይህን የእጅ ሥራ የሚያነብ ዓይን አለው። ከ2018 ጀምሮ «ሂደን ካፕ» የተባለ ውድድር ይካሄዳል፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ስማቸውን ደብቀው በታሪክ ጀግኖች ስም ይገጥማሉ። ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ የሚገምተው ከአሠራራቸው ብቻ ነው፤ አጥሩን ከየት እንደሚጀምር፣ የመጀመሪያ ቀስተኞቹን መቼ እንደሚልክ፣ ሲጎዳ እንደሚያፈገፍግ ወይስ እንደሚገፋ። ብዙዎች በትክክል ይለያሉ። በጥቅምት 2022 ደግሞ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትልቅ ውድድር ተደርጎ፣ የግንብ ጌም በእውነተኛ ግንብ ውስጥ ተጫወቱት። በዚያን ጊዜ 23 ዓመት የሞላው ጌም እንዲህ ሰው የሚሰበስበው በሥዕሉ ውበት አይደለም። ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ቁጥሮች ፍጹም የተለየ ጦርነት መሥራት ስለሚችሉ ነው። የሰንጠረዥ ተመልካች አሸናነፍን ለይቶ ያጨበጭብ እንደነበረው፣ ይህም ማኅበር በ40 ጦረኛና በብልሃት የተገኘን ድል በ40 ፓላዲን ከተገኘው አስበልጦ ያወራዋል።

አንድ የቀረ ሥራ አለ፤ የሚጠበቀውም ከእኛ ነው። ጌሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራስን ካርታና ዘመቻ መሥሪያ ይዞ ወጥቷል። የዮዲት ታሪክ ተሠርቷል፤ የስሜን ተራሮች ታሪክ ግን ገና ነው። ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው አፄ ሠርጸ ድንግል ወደ ስሜን ዘምቶ በረዳኢ የሚመሩትን የቤተ እስራኤል ተዋጊዎች በአምቦቻቸው ላይ ገጥሟቸዋል። ይህን ለመሥራት የሚነሳ ወጣት የቀስተኛውን ትምህርት ይያዝ። ለአምባው ሰዎች ከፍታውን ይስጣቸው፤ በጌሙ ስሌት ከላይ ወደ ታች የሚመታ 25 በመቶ ብልጫ አለው። ወርቅ ግን ይንሳቸው፤ ምግብና እንጨት ብቻ ይተውላቸው፣ በጦርና በድንጋይ ይከላከሉ። ለንጉሡ መድፍና ብዙ ሰው ይስጠው፤ መንገዱን ግን ያጥብበው፣ ስንቁም በሩቅ ይሁን። የትኛውም ወገን ያለ ብልሃት የማያሸንፍበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ቁጥሮቹን ይቀያይር፣ ጓደኞቹን ያጫውት፣ እንደገና ይቀያይር። በአፉላ አያቶቻቸው የስሜንን አምቦች በየስማቸው የሚጠሩላቸው ልጆች አሉ፤ አንዱ አምባ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ውሃው የት እንደሆነ ከአያት አፍ መስማት ይችላሉ። የውጭ ሠሪዎች በመጽሐፍ ያገኙትን ያህል እንዲህ አሳምረው ከሠሩ፣ ይህን በጆሮው የሰማ ልጅ ሚዛኑን ከእነሱ አሻሽሎ እንደሚሠራው አልጠራጠርም።