ስለ ጦስኝና ስለ ስኳር በሽታ ጥናቶቻችን፦ አጭር ሂስ

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጡ በየድንጋዩ ሥር ተነጥፎ የሚገኘውን ጦስኝ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። እንደ ሻይ ይፈላል፤ ለበርበሬና ለሽሮ ማጣፈጫ ይሆናል፤ ለስኳርና ለደም ግፊት ፍቱን ነው ተብሎም ይጠጣል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የፋርማኮሎጂ ተማሪዎች ጦስኝን፣ ጥንጁትንና አብሽን በአይጥ ላይ መሞከር ከጀመሩ ሰንብተዋል። ድካማቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መደምደሚያው ከሥራው እየቀደመ መሄዱን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

የጥናቶቹ መልክ ተመሳሳይ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ተጣርቶ ይደርቃል። አይጦቹ በአሎክሳን ወይም በስትሬፕቶዞቶሲን መርፌ ስኳር እንዲይዛቸው ይደረጋል። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት አይጥ ያለበት ቡድን ሁሉ በኪሎ 100፣ 200 ወይም 400 ሚሊግራም ጭማቂ ይሰጠዋል፤ አንዱ ቡድን ለማወዳደሪያ ግሊቤንክላሚድ ይወስዳል። በ14 ቀን ስኳሩ ሲወርድ፣ «ውጤቱ የባህሉን አጠቃቀም ይደግፋል» ተብሎ ይዘጋል።

የትኛውን አጠቃቀም? የደባርቅ እናት ጦስኝን የምታፈላው በውኃ ነው። የጦስኝ ሽታው ታይሞልና ካርቫክሮል ከተባሉ ዘይቶች ሲሆን እነዚህ በቀላሉ ይተናሉ፤ ጭማቂው ሲደርቅ ከፊላቸው ይጠፋል። እናትየዋና አይጡ የሚጠጡት አንድ ነገር አይደለም። መጠኑም እንዲሁ ነው። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለማዞር በተለመደው ስሌት በ12.3 ይካፈላል፤ በኪሎ 400 ሚሊግራም ለ60 ኪሎ ሰው በቀን 2 ግራም ያህል ጭማቂ ይሆናል። ከ10 ግራም ደረቅ ቅጠል 1 ግራም ጭማቂ ይገኛል ብንል፣ በየቀኑ 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። ይህን ያህል በስኒ የሚጠጣ ማን ነው?

ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። ሁለቱ መርፌዎች በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ቤታ ሕዋሳት ይገድላሉ። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ የሚሠራው በሕይወት የቀሩትን ሕዋሳት ቀስቅሶ ነው፤ ሕዋሱ ካለቀ ምንም አያደርግም። እንግዲህ ግሊቤንክላሚድ የአይጦቹን ስኳር ካወረደ፣ አይጦቹ የተረፈ ኢንሱሊን ነበራቸው ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ግን ስንት ሕዋስ እንደ ተረፈ ሳይለኩ ስለ ስኳር በሽታ በጠቅላላው ይናገራሉ።

ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆች 2009 ዓ.ም. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ስለ ገጠር ኢትዮጵያ ሕሙማን ጽፈዋል። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው መካከል ብዙዎቹ ወጣት፣ ቀጫጭንና ድሆች ነበሩ። የሰሜን እግር ሥር ነዋሪ ገበሬ ስኳር ያዘው ሲባል በቅድሚያ ሊታሰበን የሚገባው ይህ ሰው ነው። የጥናቱ አይጥ የእርሱ ምሳሌ መሆኑ አልታየም። «ጦስኝ ስኳርን እንደሚያወርድ ተረጋገጠ» የሚለውን ወሬ ሰምቶ መርፌውን ቢያቆም ግን በጥቂት ቀናት ሊሞት ይችላል።

ስለ ደም ሥር የሚባለው ከዚህም የሳሳ ነው። በ14 ቀን ኮሌስትሮል ለክቶ፣ ወይም ከእንስሳ የተቆረጠ የደም ሥር በጨው ውኃ ውስጥ ሲላላ አይቶ «የደም ሥርን ይጠብቃል» ማለት አይቻልም፤ የዓይንና የኩላሊት ደም ሥሮች የሚበላሹት በዓመታት ነው።

ጦስኝ አይጠቅምም አላልሁም። ሜትፎርሚን ራሱ ጋሌጋ ከሚባል የአውሮፓ ተክል ታሪክ የተያያዘ ነው። ሆኖም ዣን ስቴርን በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሰው ላይ ያገኘውን ውጤት ያሳተመው ስለ ቅጠሉ ሳይሆን ተለይቶ ስለ ታወቀና ስለ ተመጠነ ኬሚካል ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዳባት የቤተ ሰቦችን ልደትና ሞት የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አቋቁሟል። ሌላ የአይጥ ቡድን ከመግዛት በፊት፣ በአንድ ማንቆርቆሪያ ስንት ጭብጥ ጦስኝ እንደሚገባ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ፣ ከጠጪዎቹም መርፌውን ወይም ኪኒኑን የተወ እንዳለ በዚያ መጠየቅ ይቻላል። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው።