ፊደሉ ለማን ነው?
በሥዕል ማረሚያ ፕሮግራሞች የኪቦርድ ሥርዓት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሥዕል ማረሚያ ፕሮግራሞች የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ብሩሾቻቸው ብዛትና ስለ ቀለሞቻቸው ጥራት ነው። ሠሪው ግራ እጁን ቀኑን ሙሉ ስለሚያሳርፍበት ስለ ኪቦርዱ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የተዘነጋ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ቁልፍ በተጫንን ጊዜ ፊደሉ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የተሠራውን ሥራ ያበላሻል፤ ጀማሪውም ያለ ጥፋቱ ራሱን እንዲወቅስ ያደርጋል።

በመጀመሪያ ነገሩን እናስረዳ። በአንድ መስኮት ውስጥ ብዙ ክፍሎች ቢኖሩም ከኪቦርድ የሚመጣውን የሚቀበለው በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ባለሙያዎች ይህን የመቀበል ተራ ፎከስ ይሉታል። በጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትለው ሰረዝ ተራው የማን እንደ ሆነ ታሳያለች። በሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ግን ሸራው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። በዚያ ላይ አንዱ ፊደል ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል፤ በሳጥን ውስጥ ሲሆን ጽሑፍ ነው፤ በሸራው ላይ ሲሆን ትእዛዝ ነው። አንድ አገልጋይ ለሁለት ጌቶች ሲገዛ የሚደርሰው ችግር እዚህም ይደርሳል።

አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣውን ፎቶሾፕን እንመልከት። በዚህ ፕሮግራም ቢ የተባለችው ፊደል ብሩሽን፤ ኢ ማጥፊያን፤ ቪ ማንቀሳቀሻን ታስነሣለች። ብሩሽ በተያዘ ጊዜ ደግሞ ቁጥሮቹ ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ምን ያህል እንደሚሸፍን ይወስናሉ። እንግዲህ ሠሪው የብሩሹን ስፋት 25 ሊያደርግ አስቦ፤ ተራው ግን በሸራው ዘንድ ሳለ 25 ብሎ ቢጽፍ፤ ስፋቱ ምንም ሳይነካ የቀለሙ የመሸፈን ኃይል ወደ 25 ከመቶ ይወርዳል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ ሥራውም አይቆምም። ሠሪው ስሕተቱን የሚያውቀው ቀለሙ ሳስቶ ሲያየው ነው። በተቃራኒው ደግሞ በሥዕሉ ላይ ቃል ጽፎ ሳይዘጋው ማንቀሳቀሻውን ፈልጎ ቪን ቢጫን፤ ፊደሏ ትእዛዝ መሆኗ ቀርቶ በጽሑፉ መጨረሻ ትለጠፋለች።

ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ጂምፕም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። ለብዙ ዓመታት የመሣሪያው ሣጥን፤ ሥዕሉና ልዩ ልዩ ሠንጠረዦቹ በተለያዩ መስኮቶች ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 2.8 ሁሉን በአንድ መስኮት የመሰብሰብ ምርጫ አመጣ፤ በ2018 የወጣው 2.10 ደግሞ ይህንኑ መደበኛ አደረገው። ይህ ማሻሻያ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ አንድ ሆነ እንጂ በክፍሎቹ መካከል ያለው ሽሚያ አልቀረም። ዲሊት የተባለው ቁልፍ በቁጥር ሳጥን ውስጥ አንድ አኃዝ ይሰርዛል፤ በሸራው ላይ ግን የተመረጠውን የሥዕል ክፍል ጠርጎ ያጠፋል። አንድ አኃዝ ማጣትና ሥዕል ማጣት እኩል አይደሉም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ላሪ ቴስለር በዜሮክስ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሠራበት ዘመን አንድ ቁልፍ እንደ ሁኔታው ትርጉሙን እየለዋወጠ ሰውን እንዳያሳስት ብዙ ተከራክሯል። ጄፍ ራስኪንም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መጽሐፉ የሠሪው አሳብ በሥራው ላይ እንጂ በመሣሪያው ሁኔታ ላይ እንደማያርፍ አስረድቷል። ከዚህ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን፤ በሳጥኑ ዙሪያ ቀጭን መስመር ማስመር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ዓይን ያለው ሥዕሉ ላይ ነውና። ራስኪን የተሻለ ያለው ቁልፉ ተይዞ ሳለ ብቻ የሚጸና ሁኔታን ነው። ክፍት ቦታ የሚሰጠውን ረጅሙን ቁልፍ ይዞ ሸራውን መጎተት ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው፤ ጣት ራሱ ምስክር ስለሆነ ሠሪው አይረሳም።

አንዳንዶች ባለ አንድ ፊደል አቋራጮች ጨርሰው ይቅሩ ይሉ ይሆናል። በዚህ አንስማማም። ሠዓሊው በአንድ እጁ ብዕር ወይም ማውስ ስለያዘ ለቀረው እጁ አንድ ቁልፍ ቀላል ነው፤ ሦስት ቁልፎች በአንድነት መጫን ግን ድካም ነው። ይልቅስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለድረ ገጾች የወጣው የተደራሽነት መመሪያ 2.1 መካከለኛ መንገድ ያሳያል። እንዲህ ያለ አቋራጭ ወይ የሚዘጋ፤ ወይ የሚለወጥ፤ ወይም የሚመለከተው ክፍል ፎከስ ሲኖረው ብቻ የሚሠራ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ በተለይ በድምፅ ለሚያዝዙ ሰዎች ታስቦ የተደረገ ነው፤ የተናገሩት ቃል ወደ ፊደልነት ተለውጦ ያላሰቡትን ትእዛዝ እንዳያስነሣባቸው።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ችግሩ እጥፍ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በሥዕል ላይ አማርኛ መጻፍ ተችሏል። ነገር ግን ጽሑፉን ጨርሶ ኪቦርዱን ወደ ላቲን ሳይመልስ ቢን የሚጫን ሰው የሚልከው ብን ነው። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው የላቲኑን ፊደል ብቻ ከሆነ ትእዛዙ አይሰማም። ስለዚህ ሠሪው ፎከሱ የት እንዳለና ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ እንዳለ ሁለቱንም በአእምሮው ሊይዝ ይገደዳል።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛ፤ የቁጥር ሳጥን ኤንተር እንደ ተጫነ ተራውን ለሸራው ይመልስ። ሁለተኛ፤ የሚያጠፋ ቁልፍ በሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም አይኑረው። ሦስተኛ፤ አቋራጭ ቁልፉ ባለበት ቦታ ይታወቅ እንጂ በሚያወጣው ፊደል ብቻ አይታወቅ። እነዚህ ሦስቱ እስኪፈጸሙ ድረስ ቀለሙ የሳሳበት ወይም ሥዕሉ የጠፋበት ጀማሪ ሁሉ የእጁን ቅልጥፍና ከመጠርጠሩ በፊት ፊደሉ ለማን እንደ ደረሰ ይጠይቅ።