«ገበያው የት ነው?»
የመርሳት ሕመም፣ መመሪያውና አደባባዩ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው፣ ኤምኤች ጋፕ በሚል ስያሜ የሚታወቀው መመሪያ፣ የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የአእምሮና የነርቭ ሕመሞችን ለይተው እንዲያክሙ የተዘጋጀ ነው። ኢትዮጵያም መርሐ ግብሩን ቀድመው ከጀመሩ አገሮች አንዷ ናት። ከምዕራፎቹ አንዱ ስለ መርሳት ሕመም፣ በሕክምናው አጠራር ስለ ዲሜንሽያ፣ ያትታል። ምዕራፉ በጎ ጎኖች ቢኖሩትም፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ካለው የደባርቅና የዳባት ኑሮ ጋር ሲገናዘብ አንድ ጉድለት ይታይበታል፤ ታማሚውን በቤቱ ውስጥ እንጂ በሰው መካከል አያየውም።

አስቀድሞ በጎውን መናገር ይገባል። የመጀመሪያው እትም ያካተታቸው የመመርመሪያ ጥያቄዎች ፊደል ያልቆጠረን ሰው በትምህርቱ ማነስ እንዳይጎዱ የታሰበባቸው ናቸው። የክርን ስም፣ የመዶሻ ጥቅም፣ የሳምንቱ ቀን፣ ወቅቱ፣ በአቅራቢያ ያለው ገበያ የት እንደሆነ ይጠየቃል። ሆኖም ታማሚው በቃሉ ይዞ እንዲደግማቸው ከቀረቡት ሦስት ቃላት ሁለቱ «ጀልባ» እና «ዓሣ» ናቸው። ጀልባ አይተው ለማያውቁ የደጋ ባልቴት ይህ ቃል እንግዳ ነው፤ እንግዳ ቃል ደግሞ ቶሎ ይረሳል። እንደዚሁም «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ሲባሉ «ሚካኤል ነው» ብለው የሚመልሱ እናት ቀኑ የወሩ 12ኛ መሆኑን ከተናገሩ ሰው አላነሰ መልስ ሰጥተዋል። መርማሪው ይህን ካላስተዋለ ጤነኛውን ታማሚ ያሰኛል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። «ገበያው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው መመሪያ፣ ቆየት ብሎ ገበያ መውጣትን የሚያነሣው ታማሚውን ሊያውኩ ከሚችሉ አጋጣሚዎች እንደ አንዱ አድርጎ ነው፤ የእንግዶች መገኘትም እዚያው ተጠቅሷል። በእርግጥ ግርግር ያውካል፤ መመሪያውም በእግር መንሸራሸርን ከሚያረጋጉ ተግባራት ቆጥሮታል። ነገር ግን ለደባርቅ አረጋዊት ገበያ ዕቃ መሸመቻ ብቻ አይደለም። ከጃናሞራ የመጣ ዘመድ የሚገኝበት፣ ልቅሶና ሠርግ የሚሰማበት፣ ሰው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥበት ነው። ቤተ ክርስቲያንም፣ ማኅበርም፣ እድርም እንደዚሁ ነው። ያወከውን ሁሉ አስቀር የሚል ምክር ብቻውን ሲቀር፣ ቤተሰቡ «ጃጅታለች፤ ሰው ፊት ታሳፍረናለች» ብሎ የዘጋውን በር የጤና ባለሙያው ማኅተም አድርጎ ያጸናዋል።

አደባባዩ በእርግጥ ይፈትናል፤ ፈተናው ግን በአብዛኛው ከገበያው ጫጫታ የሚመጣ አይደለም። በአገራችን ልማድ አረጋዊን የሚያገኝ ሁሉ «አወቁኝ? እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ማለትን የፍቅር ምልክት ያደርገዋል። ለመርሳት ታማሚ ግን ይህ በየመንገዱ የሚደገም ፈተና ነው፤ መልሱ ሲጠፋ ኀፍረት፣ ከኀፍረት ቀጥሎ ቁጣ ወይም መሸሽ ይመጣል። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ስም ከጠፋ በኋላም የሰላምታው ሥርዓት ብዙ ጊዜ ሳይነካ መቆየቱ ነው። «እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቹ ደኅና? ከብቱ ደኅና?» የሚለውን ሳያጓድሉ ያደርሱታል። እንግዲህ የተረፈው ችሎታ የሚገለጠው በቤት ጥግ ሳይሆን በሰው መካከል ነው። ሰላምታ ሰጪው «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ጎረቤትዎ» ብሎ ቢጀምር ፈተናው ይቀራል፤ ሰላምታው ይቀጥላል።

ስለዚህ ባለሙያው መውጣትን እንደ መድኃኒት መጠኑንና ሰዓቱን ለይቶ ሊያዝ ይገባዋል። ጠዋት፣ ገበያው ሳይሞላ፤ ለአጭር ጊዜ፤ ከአንድ ከሚያውቁት ሰው ጋር፤ በልተውና ተጸዳድተው፤ ጋቢያቸውን ደርበው። የቤተሰብ ስም፣ ቀበሌና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በልብሳቸው ይያዝ። የሚገዙበት ነጋዴና የሠፈሩ የባጃጅ ሾፌሮች አስቀድመው ይነገራቸው። ከደባርቅ በስተሰሜን የሊማሊሞ ገደል፣ ሌሊትም የደጋው ብርድ አለና፣ መንገድ መሳት በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ይህ አደጋ ግን ጎረቤት እንዲያውቅ ማድረግን እንጂ መቆለፍን አያስተምርም፤ ማንም የማያውቃቸው ሰው አንድ ቀን ሾልከው ቢወጡ የሚመልሳቸው አይኖርም።

ከዚህ በፊት ሕክምናው ይቅደም። በድንገት የባሰ ግራ መጋባት እርጅና ተብሎ አይታለፍ፤ የሳንባና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ ሕመም ወይም የሚወሰድ መድኃኒት መንስኤ ሊሆን ይችላል። ድባቴ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ይፈተሹ፤ ዓይንና ጆሮም ይታዩ። ቤት እንዲቀመጡ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ የሳይኮሲስ መድኃኒት በመርሳት ታማሚ ላይ የስትሮክንና የሞትን አደጋ ይጨምራል።

ሁሉም ታማሚ ሁልጊዜ ይውጣ ማለት አይደለም። እምቢ ያለ አይገደድም፤ የደከመች አስታማሚ ልጅም «ዛሬ አልችልም» ማለቷ ኃጢአት አይደለም። ለእርሷ እረፍት የሚሰጥ ዘመድ ማፈላለግ የምክሩ አካል ነው።

የመመሪያው ሁለተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። የአገር ኑሮ ግን በየአካባቢው ባለሙያ ካልተጨመረ በእትም ብዛት አይገባም። ዳባት ለዚህ የተመቸ ስፍራ ነው፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘው የዳባት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ቆይቷል። አረጋውያን ባሉበት ቤት «ለመጨረሻ ጊዜ ከደጅ የወጡት መቼ ነው? ከማን ጋር?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር፣ ስንት ሰው በሕይወት ሳለ ከአደባባይ እንደተሰረዘ ማወቅ ይቻላል። በጤና ጣቢያም ታማሚዋ ገበያው የት እንደሆነ ከተጠየቁ በኋላ፣ ማን እንደሚወስዳቸው ቤተሰቡ ይጠየቅ።