አንባቢው ማሽን ምን አወቀ?

ኮምፒዩተር በኢንተርኔት የተጻፈውን እያነበበ ዕውቀት ይማራል መባል ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ በጋን ያቭኔም ሆነ በገደራና በቂርያት መላኪ፣ ከኩፓት ሖሊም ወይም ከትምህርት ቤት በዕብራይስጥ የመጣን ደብዳቤ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በአማርኛ ማንበብ የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች፣ ይህ ማሽን ምን ያህል ያውቃል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በዚህ ሙያ ስሙ የሚነሣው «ኔል» ነው። በአሜሪካ በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ቶም ሚቸል መሪነት ከጥር 2010 ጀምሮ ሌት ተቀን ድረ ገጾችን ያነብ ነበር። «ኩኪ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የብስኩትም የኢንተርኔት ፋይልም ስም ስለሆነ፣ ኔል የኮምፒዩተር ፋይሎችን ከምድጃ ከወጡ ብስኩቶች ጋር ቆጠራቸው! ሰዎች ገብተው አረሙት። ሆኖም ምስጋና ይገባዋል፤ ይኸውም እያንዳንዱን ነገር ምን ያህል እንደሚተማመንበትና ከየት እንዳገኘው ይመዘግብ ነበር። የስልካችን ተርጓሚ ግን ትክክሉንም ስሕተቱንም በእኩል ድፍረት ያቀርባል።

አማርኛ ወደ ጎግል ተርጓሚ የገባው በ2016 ነው። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈው ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ደግሞ ጥቂት ነው። የዕብራይስጡ ውክፔዲያ ከ300 ሺህ በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ነው።

እንግሊዝኛን መሸጋገሪያ የሚያደርግ ተርጓሚ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለበት። ዕብራይስጥ «አት» ብሎ ለሴት የጻፈውን እንግሊዝኛ ለወንድም ለሴትም በአንድ ቃል ስለሚለው፣ ደብዳቤው እናታችን ዘንድ ሲደርስ «አንተ» ሊል ይችላል። «እርስዎ» ማለትማ በዕብራይስጡም የለ፣ ከየት ያምጣው?

ይህስ ይታለፍ። የሰዓቱ ጉዳይ ግን የባሰ ነው። በደብዳቤው 8:00 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ማሽኑ ቁጥሩን እንዳለ «8 ሰዓት» ብሎ ከተወው፣ በቅርቡ የመጣ ቤተሰብ ከቀትር በኋላ ይሄዳል፤ ሐኪሙን ለማየት ወራት የተጠበቀው ቀጠሮም ያልፋል። ማሽኑ ቃላቱን አልሳተም፤ የሚያነበው ሰው ሰዓቱን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ግን አያውቅም። የቀጠሮ፣ የመድኃኒት መጠንና የፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ፣ ማሽኑ ካነበበላችሁም በኋላ ለመገሸር ወይም ለእኛ አሳዩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ስለ ራሳችን የሚናገረው ነው። ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን በ1862 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ በርዕሱ ላይ «ፈላሻ» የሚለውን ስም ይዟል። እንዲህ ያሉ አሮጌ መጻሕፍት ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ማሽኑ አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈና ከምን ጋር እንደተጻፈ ይማራል እንጂ፣ በዚያ ስም የተጠራ ሰው ምን እንደተሰማው አይማርም። የቤተ እስራኤል ታሪክ ደግሞ ብዙው የኖረው በቄሶችና በሽማግሌዎች አፍ ነው። ልጃችን ለትምህርት ቤት ሥራው ማሽኑን ቢጠይቅ ከስተርን ወገን የተጻፈውን ሊያገኝ ይችላል፤ ከወንድ አያቱና ከሴት አያቱ የሚሰማው ግን በየትኛውም ገጽ ላይ አልሰፈረም።