ዓመተ ምሕረት የሌለው ፖስተር

የድሮ የኮንሰርት ፖስተር ከሌላው የሙዚቃ ማስረጃ ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። ሸክላ የሚያሳትም ሰው ለዓመታት እንዲደመጥ አስቦ ነው። ፎቶ የሚነሳ ዘፋኝ ክራቫቱን የሚያስተካክለው ነገ የሚያየው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ፖስተር ግን የሚለጠፈው ለመጪው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ጠዋት ሥራው አልቋል። ከዚያ ዝናብ ያወርደዋል፣ ፍየል ትበላዋለች፣ ወይ ሌላ ይለጠፍበታል። ስለ ዘፋኙ ያጋንን ይሆናል። ስለ ቦታው፣ ስለ ሰዓቱና ስለ መግቢያው ዋጋ ግን አይዋሽም፤ ሕዝብ ይመጣበታላ!

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ነው። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ቤዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ከበሮ፣ ግን በሩጫ ፍጥነት። አባቱ የሚባለው ቢል ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሮዚን በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በ1939 ከባንዱ ጋር ግራንድ ኦል ኦፕሪ ወደተባለው የናሽቪል የሬዲዮ ዝግጅት ገባ። በ1945 መጨረሻ ላይ ባንጆን በሦስት ጣት የሚጫወተው ኧርል ስክራግስ ሲቀላቀለው ዛሬ የምናውቀው ድምፅ መልክ ያዘ።

ናሽቪል ውስጥ በ1879 የተመሠረተ ሀች ሾው ፕሪንት የሚባል ማተሚያ ቤት አለ። በትልልቅ የእንጨት ፊደሎች የሙዚቀኞችን ፖስተር ሲያትም ኖሯል፤ አሁንም በዚያው መንገድ ያትማል። የዚያን ዘመን ፖስተሮች ስታዩ መጀመሪያ የሚገርማችሁ ቃሉ ነው። በ1940ዎቹ «ብሉግራስ» የአንድ ባንድ ስም እንጂ የሙዚቃ ዓይነት አልነበረም። ሞንሮ ባንዱን «ብሉ ግራስ ቦይስ» ያለው በትውልድ ግዛቱ ቅጽል ስም ነው። ሙዚቃው በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ፖስተሩ ይህን የኋላ ስም አያውቀውም። በእኛም ቤት «ወርቃማው ዘመን» የሚባለው ዘመን በራሱ ጊዜ እንደዚያ አልተባለም፤ ስሙን ያወጣንለት ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ሞንሮ በ1940ዎቹ ድንኳን ጭኖ ከትንሽ ከተማ ትንሽ ከተማ ይዞር ነበር። የቤዝቦል ቡድን ሁሉ ነበረው፤ ቀን ከከተማው ልጆች ጋር ይጋጠማሉ፣ ማታ ይዘፍናሉ። የሸክላው ታሪክ ስቱዲዮ ውስጥ ይጀምርና ስቱዲዮ ውስጥ ያልቃል። የፖስተሩ ታሪክ ግን ሙዚቃውን በየሜዳው ስላቆሙት ትንንሽ ከተሞች ነው።

ፖስተርም ሸክላም ያልደረሰለት ደግሞ አለ። አርኖልድ ሹልትስ የሚባል ጥቁር ኬንታኪያዊ ቫዮሊንና ጊታር ይጫወት ነበር፤ ሞንሮ በልጅነቱ አብሮት ጭፈራ ቤት ተጫውቷል፣ ከእሱ መማሩንም ሳይደብቅ ተናግሯል። ሹልትስ በ1931 ሞተ። አንድም ቅጂ አልተወም። ስሙን ያተረፈው የሌላ ሰው ትዝታ ነው። የባንጆ ሥር ራሱ አፍሪካ መሆኑን ስትጨምሩበት፣ ማን በወረቀት ላይ እንደቀረና ማን እንዳልቀረ ተራ ጥያቄ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን በሥዕል የተደገፈ ትልቁ መጽሐፍ ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ውስጥ በሻማ ቡክስ ያሳተመው «አቢሲኒ ስዊንግ» ነው። ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን የሲዲ ተከታታይም ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ውለታው የሚካድ አይደለም። ቢሆንም መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። የምናየው የክብር ዘበኛ ነው፣ ፖሊስ ነው፣ ሀገር ፍቅር ነው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነው። መንግሥት ያቋቋማቸው ባንዶች የደንብ ልብስ ነበራቸው፤ የደንብ ልብስ ያለው ሰው ደግሞ ፎቶ ይነሳል። ሸክላውም ቢሆን ያው ነው። አምሃ እሸቴ የሸክላን ሥራ ለሀገር ፍቅር ብቻ የሰጠውን ትእዛዝ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተም ሲጀምር፣ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አተረፈልን። ያተረፈልን ግን የአዲስ አበባን ሌሊት ነው። ከሞጆ በታች ያለው ሌሊት የት ሄደ?

የእኔ ግምት መልሱ በከፊል ፊደሉ ውስጥ አለ የሚል ነው። ሀች ሾው ፕሪንት 26 የእንጨት ፊደል ይቀርጽና ሥራ ይጀምራል። ለእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያውም ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ፣ ያውም ለአንድ መጠን ብቻ። ለትልቅ የፖስተር ጽሑፍ ይህን ሁሉ የሚያስቀርጽ ማን ነው? ብሩሽ ግን «ሀ»ንም «ጯ»ንም በአንድ ዋጋ ይጽፋል። ለትንሽ ከተማ አዘጋጅ ጽሕፈት የሚያውቅ ሠዓሊና መኪና ላይ የታሰረ ሞንታርቦ ይበቃል። በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ከቀደደ ታሪኩም አብሮ ቀደደ። ሞንታርቦማ ጭራሽ ወረቀት የለውም።

ዓለም ጤናን ውሰዱ። የቦራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሞጆ ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ የሚወርድ በዚሁ መንገድ ያልፋል። «ያልፋል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ስለ ሙዚቃችን የተጻፈውን ብታገላብጡ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዘፋኝ የሚያልፍባቸው እንጂ የሚዘፍንባቸው አይመስሉም። እዚህ ያደገ ሰው ግን በጥር ሠርግ ኪቦርድ ተሸክሞ ከአዳማ የሚመጣውን ያውቃል፤ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ ቀጥሎ በጉራግኛ የሚያሳርገውን ያውቃል። በኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ የሚለጠፈውም እንደዚሁ ነው፤ ግማሹ በቁቤ፣ ግማሹ በፊደል። ከዚያች ወረቀት የአዳራሹ ተመልካች ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ይህን የትኛውም የሲዲ ሽፋን አይነግራችሁም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም አዳማ ውስጥ ያረፈው ዓሊ ቢራ በዚህ መስመር ስንት ትውልድ እንዳስጨፈረ ሁሉም ያወራል። ወሬውን የሚያስረግጥ የግድግዳ ወረቀት ግን አሳዩኝ።

የዛሬው ይሻላል ብዬ ልጽናና ብል፣ ባነር መጥቷል፤ ዝናብ አያወርደውም። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ገበያ ይወርድና የጉልት ጥላ ወይም የሽንኩርት መሸፈኛ ይሆናል። ዓለም ጤና ገበያ ላይ ግማሽ የዘፋኝ ፊት፣ ከሥሩ «ቅዳሜ» የሚል ቃል አንብቤያለሁ። ሽንኩርቱ ሳያውቀው ማኅደር ሆኗል። ስልካችን ላይ የሚለቀቀው ፖስተር ግን ይህንንም አላገኘም፤ በ24 ሰዓት ይጠፋል።

የሁሉም የጋራ ጉድለት ደግሞ ዓመተ ምሕረት አለመጻፋቸው ነው። የአሜሪካኖቹም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ ለመጪው ሳምንት የሚለጠፍ ወረቀት ዓመቱን ምን ያደርግለታል? ሰብሳቢዎቹ ቀኑንና ዕለቱን አገናኝተው ነው ዓመቱን የሚያወጡት። እኛማ ለዚህ ከማንም የተሻለ መሣሪያ አለን። ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሌ 30 ቀን ስለሆነ ዕለት በየወሩ ሁለት ይዘላል፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ቄስ በጣቱ ያወጣዋል። «ቅዳሜ ጥር 12» ብቻ የሚል የድሮ ወረቀት ተገኘ እንበል። ጥር 12 ቅዳሜ እንዲውል መስከረም 1 ሰኞ መዋል አለበት። ከ1955 እስከ 1970 ዓ.ም ባለው ጊዜ መስከረም 1 ሰኞ የዋለው በ1965 ብቻ ነው። አለቀ፤ ደርግ ሊመጣ ሁለት ዓመት እንኳ ያልቀረው ሌሊት ነው።

ስሌቱ አለ፤ ወረቀቱ ነው የሌለው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ የዓለም ጤናን፣ የመቂን፣ የባቱን ቅዳሜ ሲፈልግ እንደ አርኖልድ ሹልትስ የሰው ትዝታ ብቻ እንዳይጠብቀው ከፈለግን ሥራው ቀላል ነው። ምሰሶው ላይ ያለውን ፎቶ አንሱ፤ ቦታውን ጻፉ፤ ባንድ ያላችሁ ደግሞ ፖስተራችሁን ከማሳተማችሁ በፊት ታች ጥግ ላይ አራት አኃዝ ጨምሩ። ቀለሙ ቢበዛ የአንድ ፊደል ያህል ነው።